ለትንሿ ሸክላ የሚሆን ክንድ

"የትኛውን ሸክላ ማጫወቻ ልግዛ?" የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከአባት ወይም ከአጎት የተረፈ አንድ ካርቶን ሸክላ አላቸው። እኔ ከማሽኑ በፊት ስለ ሸክላው እጠይቃለሁ። ትልቁ ነው ወይስ ትንሿ? በደቂቃ 33 ጊዜ የሚዞረው ነው ወይስ 45? ብዙዎቹ ትንሿን ነው ያላቸው። ይህ ደግሞ ምርጫውን ከሥሩ ይለውጠዋል።

የምኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። የቤተሰብ፣ የጓደኛና የሰፈር ትልልቅ ሰዎችን ሸክላ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። በዚህ ሥራ ብዙ ዓይነት ማጫወቻ ጠረጴዛዬ ላይ ወጥቶ ወርዷል። ሞተሩም፣ ሳህኑም፣ መርፌውም የየራሱ ድርሻ አለው። ዛሬ የምጽፈው ግን ሰው እምብዛም ስለማያስበው ስለ ክንዱ ነው። ክንድ የምለው ካርትሪጁን፣ ማለትም መርፌው የተሰካበትን ትንሽ ዕቃ፣ ከነመርፌው ይዞ ሸክላው ላይ የሚሄደውን ዘንግ ነው። ቶንአርም የሚባለው ማለት ነው። ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንያዝ። እንከን የለሽ ክንድ የለም። ክንድ የሚሠራ መሐንዲስ አንዱን ሲያሻሽል ሌላውን ይከፍላል። ስለዚህ "ምርጡ ክንድ የቱ ነው?" ብሎ መጠየቅ ብዙ አያስኬድም። የሚያስኬደው "ይህ ክንድ የከፈለው ዋጋ እኔን ይጎዳኛል ወይ?" የሚለው ነው። መልሱም ካርቶኑ ውስጥ ባለው ሸክላ ይወሰናል።

የሸክላ ዘመን የአማርኛ ሙዚቃ አብዛኛው የወጣው በ7 ኢንች ሸክላ ነው። አምሃ ሬከርድስ በ1969 ሥራ ሲጀምርም ሆነ በኋላ ካይፋ ሲያሳትም ገበያው የትንሿ ሸክላ ነበር። ሙሉ አልበም የያዘው 12 ኢንች በአንጻሩ ጥቂት ነው። የማጫወቻ ክንዶች ደግሞ በአብዛኛው የሚለኩትና የሚመዘኑት በትልቁ ሸክላ ነው። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በትልቁ ሸክላ ላይ ድምፁ የሚጀምረው ከመሃሉ 146 ሚሊሜትር ላይ ነው። የሚያልቀው ቢበዛ ወደ 60 ሚሊሜትር ገደማ ሲደርስ ነው። ትንሿ ላይ ግን ዘፈኑ የሚጀምረው 84 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ረዘም ያለ ዘፈን ከሆነ እስከ 54 ሊወርድ ይችላል። የኛ ዘፈኖች ደግሞ አጭር አይደሉም። ስለዚህ ትንሿ ሸክላ ሙሉ ዘፈኗን የያዘችው ትልቁ ሸክላ መጨረሻ ላይ ብቻ በሚደርስበት ጠባብ ቦታ ነው። ክንድ ሁሉ በጣም የሚቸገረው እዚያ ነው።

የሚቸገርበት ምክንያት ፍጥነት ነው። 33 ላይ የሚዞር ሸክላ ዳር ላይ ቦዩ፣ ማለትም ድምፁ የተቀረጸበት ቀጭን መስመር፣ በመርፌው ሥር በሰከንድ 51 ሴንቲሜትር ያህል ያልፋል። መጨረሻው ላይ 21 ሴንቲሜትር ብቻ ይቀረዋል። ትንሿ በ45 ፍጥነቷ ከ40 ጀምራ ወደ 25 ትወርዳለች። ፍጥነቱ ሲቀንስ ያው ድምፅ በትንሽ ቦታ ላይ ተጨምቆ ይጻፋል። በተጨመቀ ቦይ ላይ ደግሞ ትንሽ የማዕዘን ስህተት ትልቅ ብልሽት ሆና ትሰማለች።

የማዕዘን ስህተት ከየት ይመጣል? ሸክላው መጀመሪያ ሲቀረጽ የሚቆርጠው መሣሪያ ከዳር ወደ መሃል በቀጥታ ነው የሚሄደው። የኛ ክንድ ግን አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ እንደ በር ነው የሚዞረው። ስለዚህ መርፌው ከዳር ወደ መሃል ሲሄድ የሚሠራው ቅስት ነው። ከቦዩ ጋር ልክ የሚሆነው ቢበዛ ሁለት ቦታ ላይ ነው። በቀረው ቦታ ሁሉ በትንሹ ይጣመማል።

መፍትሔው የታወቀው ድሮ ነው። መርፌው የመሃሉን ዘንግ አልፎ እንዲደርስ ክንዱን ማርዘም፣ ካርትሪጁን ደግሞ ወደ ውስጥ ማዘንበል። በተለመደው 9 ኢንች ክንድ ላይ ትርፉ ከ15 እስከ 18 ሚሊሜትር፣ ዝንባሌው ከ22 እስከ 24 ዲግሪ ገደማ ነው። ሎፍግረን ሒሳቡን በ1938 ሠራው። ቤርዋልድ በ1941፣ ስቲቨንሰን በ1966 ተከተሉ። ዛሬም የሚሸጡት የካርትሪጅ መለኪያ ካርዶች በአብዛኛው የነዚህን ሰዎች ስም ይዘዋል።

ሦስቱ የሚለያዩት ስህተቱን የት ላይ ለማስቀመጥ በመምረጣቸው ነው። ጨርሶ ማጥፋት አይቻልም። የቤርዋልድ አቀማመጥ መርፌውን ልክ የሚያደርገው 66 እና 120.9 ሚሊሜትር ላይ ነው። ለትልቁ ሸክላ ጠቅላላ ብልሽቱን በደንብ ያከፋፍለዋል። ስቲቨንሰን ግን 60.3 እና 117.4 ላይ ያደርገዋል። የመጨረሻውን ክፍል ለማዳን ብሎ መሃሉንና ዳሩን ይጎዳል ማለት ነው።

230 ሚሊሜትር ርዝመት ላለው ክንድ ሒሳቡን ራሴ ሠርቼዋለሁ። ከመሃል 54 ሚሊሜትር ላይ፣ ማለትም የትንሿ ሸክላ ዘፈን በሚያልቅበት ቦታ፣ የቤርዋልድ ስህተት ወደ 2 ዲግሪ ይደርሳል። የስቲቨንሰን 1 ዲግሪ ነው። በትልቁ ሸክላ ዳር፣ 146 ላይ፣ ቤርዋልድ 1.9 ሲሆን ስቲቨንሰን 2.3 ይሆናል። በዲግሪ ሲታይ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ነገር ግን ብልሽቱን የሚወስነው ስህተቱ ለርቀቱ ሲካፈል ነው። 2 ዲግሪ 54 ላይ ሲሆን 146 ላይ ካለው 2 ዲግሪ 2.7 እጥፍ ይብሳል። ለትንሿ ሸክላ ስቲቨንሰንን የምመርጠው ለዚህ ነው።

ስለ ቴክኒክስ ኤስኤል 1200 ሸክላ ማጫወቻ የምለው አለኝ። የኤምኬ2 ሞዴሉ በ1979 ወጥቶ ለብዙ ዓመት ተሸጧል። ያገለገለ ማሽን ለሚፈልግ ሰው አሁንም በቀላሉ ይገኛል። የክንዱ ርዝመት 230፣ ትርፉ 15 ሚሊሜትር፣ ዝንባሌው 22 ዲግሪ ነው። ካርትሪጁን የሚገጥሙት ከማሽኑ ጋር በሚመጣ ትንሽ ፕላስቲክ ነው። እሷ መርፌውን ከሄድሼሉ (ካርትሪጁ ከሚታሰርበት የክንዱ ጫፍ) ጎማ 52 ሚሊሜትር ላይ ታስቀምጠዋለች። ብዙ ሰው "ይሄ ያረጀ አቀማመጥ ነው" ብሎ በቤርዋልድ ካርድ ይቀይረዋል። ለትልቁ ሸክላ ምክንያት አላቸው። የፋብሪካው አቀማመጥ ዳሩ ላይ 2.6 ዲግሪ ይስታል። 54 ላይ ግን 0.7 ብቻ ነው! ልክ የሚሆነውም 59 እና 113 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ለኛ ትንንሽ ሸክላዎች ከሦስቱ የተሻለው ይሄ ነው። ትንሿን ሸክላ የምታጫውቱ ከሆነ ያቺን ፕላስቲክ አትጣሏት።

ይህ በጆሮ ይሰማል ወይ? አዎ። በተለይ ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ትራምፔትና ሳክስፎኑ አንድ ላይ ሲወጡ ይታወቃል። ዘፋኙ "ሰ" እና "ሸ" ሲል ድምፁ መርጨት ይጀምራል። አንድ ጋሼ የምላቸው ሰው ሸክላቸውን ሲሰጡኝ "ልጄ፣ ይሄ ዘፈን መጨረሻው ላይ ድሮም ይሻክር ነበር" ብለውኝ ነበር። አቀማመጡ ሲስተካከል ግማሹ ጠራ። የቀረው በአሮጌ መርፌ የተበላ ቦይ ነበር። የተበላውን ምንም ክንድ አይመልሰውም። የትኛው ብልሽት ከማሽኑ፣ የትኛው ከሸክላው እንደሆነ መለየት ግን ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ረጅሙ ክንድ እንምጣ። 12 ኢንች ክንድ ብዙ አድናቂ አለው። ኤስኤምኢ የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት በ1959 ሁለት ክንዶች አወጣ። 3009 ለአጭሩ፣ 3012 ለረጅሙ። ረጅሙ ቅስቱን ስለሚያለዝበው ስህተቱ ይቀንሳል። በቤርዋልድ አቀማመጥ 54 ላይ ከ2 ዲግሪ ወደ 1.5 ገደማ ይወርዳል። አንድ ጓደኛዬ ቤት ረጅም ክንድ ያለው ማሽን አለ፤ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ትልልቅ ሸክላ ላይ ድምፁ የተረጋጋ ነው፤ ደስ ይላል። ዋጋው ግን ክብደት ነው። በዘንግ ላይ ለሚዞር ነገር ርዝመቱ ሲጨምር ለመንቀሳቀስ ያለው እምቢታ በርዝመቱ ካሬ ያድጋል። ቱቦውም ሲረዝም በቀላሉ ይርገበገባል። የተጣመመ ወይም ቀዳዳው ከመሃል የወጣ ሸክላ ላይ ከባዱ ክንድ መርፌውን ያስጨንቀዋል።

ከላይ ያሉትን ቁጥሮች እንደገና አስተያዩአቸው። በቤርዋልድ የተገጠመ ረጅም ክንድ 54 ላይ 1.5 ዲግሪ ይስታል። በስቲቨንሰን የተገጠመ አጭር ክንድ 1 ዲግሪ። ስለዚህ ለትንሿ ሸክላ ሲባል ረጅም ክንድ መግዛት አያስፈልግም። ያለውን ካርትሪጅ ትንሽ ማንቀሳቀስ ይበልጣል። ይህን ደግሞ በካቻቢቴና በትዕግሥት ቤታችሁ ትሠሩታላችሁ።

ስህተቱን ጨርሶ ያጠፉ ክንዶችም አሉ። እንደ መቅረጫው ቀጥ ብለው በሐዲድ ላይ የሚሄዱ ናቸው። ባንግ ኤንድ ኦሉፍሰን በ1972 ያወጣው ቤዎግራም 4000 በዚህ ይታወቃል። ማዕዘኑ ሁልጊዜ ልክ ነው። ቀጥሎ የማነሳው ወደ ውስጥ የመጎተት ችግርም የለበትም። በወረቀት ላይ ለትንሿ ሸክላ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ነገር ግን ክንዱን ሞተር ነው የሚገፋው። ሞተሩ የሚነሳው ክንዱ በጥቂቱ መጣመሙን ዳሳሹ ካየ በኋላ ነው። በአየር ትራስ ላይ የሚንሳፈፉት ደግሞ የአየር ፓምፕ ይፈልጋሉ። ከዚያ በላይ እነዚህኞቹ ወደ ጎን ሲሄዱ መርፌው ጠቅላላውን ክንድ ነው የሚጎትተው። ቀዳዳቸው ከመሃል የወጣ አሮጌ ሸክላዎች ብዙ አጋጥመውኛል። እንዲህ ያለ ሸክላ መርፌውን በእያንዳንዱ ዙር ግራና ቀኝ ይወስደዋል። ያን ሁሉ ክብደት የሚያመላልሰው ቦዩ ነው። በሞተር የሚሄዱት ማሽኖች ደግሞ አርጅተዋል፤ ኤሌክትሮኒክሱን የሚጠግን ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም። ጥሩ ጠጋኝ ያለው ሰው ይግዛቸው። ለሌላው አልመክርም።

ስለ ወደ ውስጥ መጎተት። ካርትሪጁ ዘንበል ስላለ የሸክላው ሰበቃ ክንዱን ወደ መሃል ይስበዋል። ጉልበቱ በግምት የመርፌው ጫና አንድ አሥረኛ ነው። ካልተካካሰ መርፌው በአንዱ የቦይ ግድግዳ ላይ ይደገፋል፤ በአንዱ ጆሮ ያለው ድምፅ ቀድሞ መሻከር ይጀምራል። ስለዚህ ክንዶች አንቲስኬቲንግ የሚባል መልሶ የሚጎትት ነገር አላቸው። አንዳንዱ በሞላ፣ አንዳንዱ በክር በተንጠለጠለ ክብደት፣ አንዳንዱ በማግኔት ይሠራል። ጉልበቱ ግን ቋሚ አይደለም። ድምፁ ሲጮህ ይጨምራል። በመርፌው ቅርጽም በሸክላው ቁስም ይለያያል። ስለዚህ መስተካከሉ ሁልጊዜ አማካይ ነው። ቦይ በሌለው ለስላሳ ሸክላ ላይ ክንዱ እስኪቆም ድረስ የሚያስተካክሉ ሰዎች አሉ። ለስላሳው ላይ ያለው ሰበቃ ቦይ ውስጥ ካለው የተለየ ስለሆነ አልወደውም። እኔ ጩኸት የበዛበት የዘፈን መጨረሻ መርጬ በሁለቱም ጆሮ እኩል እስኪጠራ አስተካክላለሁ። ኮምፒውተር ላይ ለሚገለብጥ ሰው ሁለቱን ቻናል ለየብቻ ማዳመጥ ይረዳል።

ይህን ጉተታ ለመሸሽ ዝንባሌ የሌላቸው ቀጥ ያሉ ክንዶችም ይሠራሉ። ለዲጄ ናቸው። ሸክላውን ወደፊትና ወደኋላ ሲገፉት መርፌው አይዘልም። ለዚህ የከፈሉት የማዕዘን ልክነትን ነው፤ ስህተታቸው ብዙ ዲግሪ ይሆናል። ለማዳመጥና ለመገልበጥ አይሆኑም።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር የክንዱና የካርትሪጁ ጋብቻ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ይባክናል።

መርፌው የተያዘው በትንሽ ጎማ ነው፤ ጎማዋ እንደ ሞላ ትሠራለች። ክንዱ ደግሞ በሞላው ላይ የተቀመጠ ክብደት ነው። ባሊስትራው ላይ እንደሚንጥ መኪና ማለት ነው፤ ጭነቱ ሲበዛ ቀስ ብሎ፣ ሲቀል ቶሎ ቶሎ ይንጣል። ይህ ንጠት ሬዞናንስ ይባላል። የሚፈለገው በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ (ከ8 እስከ 12 ኸርዝ) እንዲሆን ነው። ከዚያ ከወረደ የተጣመመ ሸክላ ያስጨፍረዋል፤ ስፒከሩ ያለ ድምፅ ሲወዛወዝ ታያላችሁ። ከላይ ከሆነ ደግሞ ወደ ሙዚቃው ይጠጋል፤ ቤዙን ያበላሻል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የክንዱን ውጤታማ ክብደት፣ የካርትሪጁንና የብሎኖቹን ክብደት በግራም ደምሩ። በመርፌው የልስላሴ ቁጥር አባዙት። የዚያን ካሬ ሥር ውሰዱ። 159ን ለሱ አካፍሉ። የልስላሴው ቁጥር (ኮምፕላያንስ)፣ ማለትም መርፌው ምን ያህል በቀላሉ እንደሚንቀሳቀስ የሚለካው፣ ካርትሪጁ ወረቀት ላይ ይገኛል። የክንዱ ውጤታማ ክብደት ሚዛን ላይ የምታዩት ሳይሆን መርፌው ላይ የሚሰማው ነው፤ እሱን ከአምራቹ መረጃ ታገኛላችሁ።

በምሳሌ እንየው። የቴክኒክሱ ክንድ ከሄድሼሉ ጋር 12 ግራም ነው። ኦርቶፎን 2ኤም ሬድ 7.2 ግራም ይመዝናል፤ ልስላሴው 20 ነው። ከብሎን ጋር ድምሩ 20 ግራም ይሆናል። 20 በ20 አራት መቶ። ሥሩ 20። 159 ለ20 ሲካፈል 8 ገደማ። አልፏል፤ ግን ታችኛው ድንበር ላይ ነው። ከባድ ሄድሼል ብታደርጉበት ይወርዳል። ጥሩ ጠፍጣፋ ሸክላ ካላችሁ ምንም አይሆንም። መኪና ውስጥ ፀሐይ የመታው ሸክላ ከሆነ ግን ክንዱ ሲጨፍር ታዩታላችሁ።

በተቃራኒው ዴኖን ዲኤል 103ን ውሰዱ። ከጃፓኑ ብሔራዊ ብሮድካስት ኤንኤችኬ ጋር ለሬዲዮ ጣቢያ የተሠራ ካርትሪጅ ነው። መርፌው ደንደን ያለ ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ልስላሴ 5 ነው፤ የተለካው ግን በ100 ኸርዝ ስለሆነ ለኛ ሒሳብ በእጥፍ አካባቢ ይወሰዳል። በዚያው ክንድ ላይ 11 ኸርዝ ገደማ ይሰጣል። በቀላል ክንድ ላይ ግን ቁጥሩ ይሸሻል። ለዚህ ካርትሪጅ ከባድ ክንድ ነው የሚስማማው። የመርፌውን ልስላሴ ሳያዩ "ቀላል ክንድ ሁሌ ይሻላል" የሚሉ ሰዎች እዚህ ላይ ይቸገራሉ።

ታሪኩም ይህንኑ ያሳያል። በ1970ዎቹ እጅግ ለስላሳ መርፌ ያላቸው ካርትሪጆች ተፈላጊ ነበሩ። ኤስኤምኢ ለነሱ ብሎ በቀጭን የታይታኒየም ቱቦ ተከታታይ ሦስት የሚባለውን ውጤታማ ክብደቱ 5 ግራም ገደማ የሆነ ክንድ ሠራ። ድንቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ደንደን ያሉት ካርትሪጆች ሲመለሱ ያ ክንድ አልመቻቸውም። እሱ ራሱ ድርጅት በ1986 ያወጣው ተከታታይ አምስት ከማግኒዚየም በአንድ ወጥ የተሠራ ወፈር ያለ ክንድ ነው። የተለወጠው ክንዱ እንዲያገለግለው የተፈለገው መርፌ ነው።

ለአሮጌ ትንንሽ ሸክላ እኔ የምጠቀመው ጫፉ ክብ የሆነ መርፌ ነው። ጠበብ ያለ ጫፍ ያለው መርፌ ከአዲስ ሸክላ ብዙ ዝርዝር ያወጣል፤ ግን ትንሽ የአቀማመጥ ስህተት አይምርም። ክቡ ይታገሳል። ጫናውን ደግሞ አምራቹ ከፈቀደው ውስጥ ከፍ ያለውን እይዛለሁ። ጫና ሲያንስ መርፌው ቦዩ ውስጥ ይንገጫገጫል፤ ሸክላ የሚበላው ይበልጥ ይሄ ነው። ትንሽ ዲጂታል የመርፌ ሚዛን ግዙ። ርካሽ ነው፤ ክንዱ ላይ ከተጻፈው ቁጥርም ይበልጥ ይታመናል።

ኩሽኔታን በተመለከተ ብዙ አልልም። አንዳንዱ ክንድ በሁለት አቅጣጫ ኩሽኔታ ይዞራል። አንዳንዱ በአንዲት ሹል ጫፍ ላይ ይቆማል። የድሮው ኤስኤምኢ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው በቢላ ስለት ዓይነት ጠርዝ ላይ ነበር። በአንድ ጫፍ የሚቆመው ሰበቃው በጣም ትንሽ ነው፤ ግን ወደ ጎን ይወላገዳል፤ ሚዛኑን ማስተካከል ሥራ ነው። በኩሽኔታ የሚዞረው ቆሞ ይጠብቃችኋል፤ ግን ኩሽኔታው ጥብቅም ልልም እንዳይሆን በጥንቃቄ መሠራት አለበት። ርካሽ ማሽኖች ገንዘብ የሚቆጥቡት እዚህ ላይ ነው።

የከፍታ ማስተካከያም እንዲሁ መለዋወጥ ነው። የቴክኒክሱ ክንድ ቀለበት በማዞር እስከ 6 ሚሊሜትር ከፍና ዝቅ ይላል። ሬጋ የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት በ1983 አርቢ 300ን ሲያወጣ ይህን ሆን ብሎ ተወው። ቱቦው በአንድ ወጥ ከአሉሚኒየም የተቀለጠ ነው፤ ሄድሼሉም አይፈታም። ሐሳቡ ግልጽ ነው። የሚፈታ መገጣጠሚያ ሁሉ የሚርገበገብ መገጣጠሚያ ነው። ከፍታ ከፈለጋችሁ ከሥሩ ሮንዴላ ታስገባላችሁ። እኔ ሁለቱንም ተጠቅሜያለሁ። የሬጋው ድምፅ ጥርት ያለ ነው። በአንድ ካርትሪጅ አንድ ዓይነት ሸክላ ለሚሰማ ሰው እሱን እመክራለሁ። ከፍታው ራሱ ያን ያህል አያስጨንቅም፤ ክንዱን ከሥሩ 1 ሚሊሜትር ብታነሱት መርፌው ላይ ያለው ለውጥ ሩብ ዲግሪ ነው። ለክብ መርፌ ደግሞ ይህ ምንም አይደለም።

ያገለገለ ክንድ ስትገዙ እነዚህን እዩ። መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን አጥፉ። አንቲስኬቲንጉን ዜሮ አድርጉ። የኋላውን ክብደት (ክንዱን ከጅራቱ በኩል የሚያመጣጥነውን) አዙራችሁ ክንዱ በአየር ላይ ተንሳፍፎ እንዲቆም አድርጉት። ከዚያ በትንፋሽ ግፉት። ያለ መያዝ ሄዶ ያለ መንቀጥቀጥ መቆም አለበት። አንድ ቦታ ላይ ከያዘ ኩሽኔታው ተጎድቷል። ቀጥሎ ቱቦውን ከመዞሪያው አጠገብ በሁለት ጣት ይዛችሁ በቀስታ ግራና ቀኝ ነቅንቁት። ኳ ኳ የሚል ልልነት ከተሰማችሁ ተዉት። የኋላው ክብደት በጎማ የተያያዘ ከሆነ ጅራቱ ዝቅ ብሎ መውረድ አለመውረዱን እዩ። የድሮ ክንዶች ላይ ጎማው ሟሙቶ ይወርዳል። ይሄ በመለወጥ ይስተካከላል፤ ዋጋ ለማስቀነስ ግን ጥሩ ምክንያት ነው። የኋላውን ክብደት የምትመርጡ ከሆነ ደግሞ ከበድ ያለውንና ወደ መዞሪያው የሚጠጋውን ምረጡ። ያው ሚዛን ይጠብቃል፤ ክንዱ ግን ለመንቀሳቀስ ይቀለዋል።

የተጣመሙ ሸክላዎችን ለምትገለብጡ፣ የቀረውን የክንድ ንጠት ኮምፒውተር ላይ ከ20 ኸርዝ በታች በመቁረጥ ማስወገድ ይቻላል። ዋናውን ቅጂ ግን ሳትቆርጡ አስቀምጡ።

አሁን እኔ ራሴ የምሠራበትን ልንገራችሁ። ማሽኔ ሄድሼሉ የሚፈታ ኤስ ቅርጽ ያለው ክንድ አለው። መገጣጠሚያው ተጨማሪ ክብደትና ደካማ ቦታ መሆኑን አውቃለሁ። የሚሰጠኝን ስለምፈልግ ነው የምከፍለው። ሁለት ሄድሼል አዘጋጅቻለሁ። አንዱ ላይ ክብ መርፌ በፋብሪካው 52 ሚሊሜትር ተገጥሟል፤ ለትንሿ ነው። ሌላው ላይ ቀጠን ያለ መርፌ በቤርዋልድ ተገጥሟል፤ ለትልቁ ነው። ካርትሪጁ ሄድሼሉ ውስጥ ትንሽ ዞር ማለት ስለሚችል ሁለቱ አቀማመጦች በአንድ ክንድ ላይ ይሠራሉ። ሸክላው ሲቀየር ሄድሼሉን ፈትቼ ሌላውን መግጠም ነው።

ይህን ለምትሞክሩ፣ ገመዶቹን ስትገጥሙ ነጭ የግራ፣ ሰማያዊ የግራ መሬት፣ ቀይ የቀኝ፣ አረንጓዴ የቀኝ መሬት ነው። ሁለቱን ሄድሼሎች ከነካርትሪጃቸው መዝኗቸው። በቀለለው ላይ ትንሽ ሮንዴላ ከብሎኑ ሥር ጨምሩና እኩል አድርጓቸው። ያኔ ስትቀያይሩ የኋላውን ክብደት እንደ አዲስ ማመጣጠን አይኖርባችሁም፤ ለሁለቱ መርፌዎች የሚፈለገው ጫና ከተለያየ እሱን ብቻ ታስተካክላላችሁ። ሮንዴላው የጨመረውን ግራም የሬዞናንሱ ሒሳብ ውስጥ ማስገባት አትርሱ።